ጣት ላይ የቀረ ማር

ፈሪ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት በላብራቶሪ ሙያ አገልግዬ ባለፈው ሐምሌ ጡረታ ወጥቻለሁና ከእንግዲህ የሚገመግመኝ አለቃ የለም፤ ስለዚህ ልናገረው። ደም አልፈራም፤ የስንቱን ሰው ደም ቀድቻለሁ። እኔ የምፈራው ቁጥር ነው። መዳፍ የማትሞላው የስኳር መለኪያ ጢጥ ብላ ቁጥሯን ስታወጣ ዛሬም ልቤ ድው ይላል። ባልደረቦቼ ይህን ስለሚያውቁ፣ በመሸኛዬ ቀን ጋቢ አልብሰውኝ ሲያበቁ አንዱ ነርስ «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ጣታችን አረፈ! እርስዎ እኮ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ካልወጉ አያምኑም» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለምን እንደማላምን ግን ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ሕይወት ናት። ሕይወት እኔን የተካችኝ ወጣት የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ እዚሁ ንፋስ መውጫ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። ጡረታዬ አንድ ወር ሲቀረው ከገጠር ጉብኝት ተመልሳ፣ የጫማዋን ጭቃ በር ላይ እያራገፈች ወሬ ጀመረች።

«እትዬ፣ ዛሬ አንድ መሪጌታ አየሁ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ስኳራቸው ሲወርድ ላብ በላብ ሆነው ይንቀጠቀጣሉ፤ ባለቤታቸው ማር ቢያቀርቡ እንቢ፣ ስኳር ቢበጠብጡ እንቢ። ባለፈው ወር ብቻ ሁለቴ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል።»

«ለምንድን ነው እንቢ የሚሉት?»

«"ድጓዬን ያሳጣኝ ማር ነው" ይላሉ። ድሮ የድጓ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ነበሩ አሉ። በጾም ቀን ሰዓቱ ሳይደርስ ማር ልሰው፣ እግዚአብሔር የተማሩትን ሁሉ ከራሳቸው ላይ አነሳባቸው። እሳቸው የሚያምኑት እንዲህ ነው። የንስሐ አባታቸው "ለሕመምተኛ ተፈቅዷል" ቢሏቸውም አልሰሙም።»

«ስማቸው ማን ይባላል?»

«መሪጌታ ጥበቡ።»

በእጄ ይዤው የነበረው የመስታወት ስላይድ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተሰበረ። ሕይወት «አይዞዎት፣ አንድ ስላይድ ነው» ብላ መጥረጊያ ልታመጣ ወጣች።

መሪጌታ ጥበቡን አውቃቸዋለሁ። ድጓቸውን ማር አልወሰደባቸውም፤ እኔ ነኝ። ይህን ከእኔ ጋር የሚያውቀው ሰው ሞቷል፤ ሌላው ደግሞ ተዛውሮ ከሄደ ወዲህ የት እንዳለ አላውቅም። ዝም ካልሁ፣ አንድ ቀን ስኳራቸው ይወርዳል፣ ማሩን እንቢ ይላሉ፣ በዚያው ይቀራሉ። ከተናገርሁ ደግሞ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? የመጨረሻውን የሥራ ወር ያሳለፍሁት በእነዚህ በሁለቱ መሐል ተጨንቄ ነው። እንዲገባችሁ ግን ከመጀመሪያው ልነሳ።

የመጀመሪያ ምደባዬ ስማዳ ነበር። ወገዳ የገባሁት በጭነት መኪና፣ በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። የላብራቶሪው ኃላፊ ጋሼ ደምሴ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የነጭ ጋዋናቸውን እጅጌ ራሳቸው በመርፌ የሚጠቅሙ ሰው። በዚያን ጊዜ ስኳር የምናውቀው ከሽንት ነበር። ሰማያዊ ፈሳሽ በቱቦ ቀድተን፣ ስምንት ጠብታ ሽንት ጨምረን እናፈላለን። ሰማያዊ እንደሆነ ከቀረ ስኳር የለም፤ አረንጓዴ ቢሆን ትንሽ አለ፤ እያለ እያለ እንደ ሸክላ ከቀላ ብዙ ነው። ጋሼ ደምሴ ቱቦውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው እያዩ «ይሄ የሚነግርሽ ሰውዬው ቀደም ብሎ እንዴት እንደነበረ ነው፤ አሁን እንዴት እንደሆነ አይነግርሽም» ይሉኝ ነበር።

እሳቸው አንድ ልማድ ነበራቸው። ጣቱ የሚወጋ ሰው ሲመጣ፣ ለወባ ይሁን ለደም ማነስ፣ ከላምባ ምድጃው ላይ ለብ ያለ ውኃ በማስታጠቢያ ያነሳሉ፣ ከሥር ሳህን ያደርጋሉ፣ ከዚያ ልክ ማዕድ ላይ እንግዳ እንደሚያስታጥብ ባለቤት ጎንበስ ብለው የሰውዬውን እጅ በሳሙና ያጥባሉ። እያጠቡም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃሉ።

«ይህች እጅ ዛሬ ምን ነካች?»

ገበሬው መጀመሪያ ያፍራል። ከዚያ ይናገራል። እበት፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ የጥንቅሽ ጭማቂ፣ የተባይ መድኃኒት። ጋሼ ደምሴ ሰምተው በንጹሕ ፋሻ ያደርቁለታል፣ የጣቱን ጎን ይወጋሉ፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠርገው ሁለተኛዋን ይወስዳሉ። እኔ ከከተማ ተምሬ የመጣሁ ነኝ ባይ ስለነበርሁ ይህ ነገር ያሳፍረኝ ነበር። አልኮል የነካው ጥጥ እያለ ማስታጠቢያ ምን ይሠራል? አንድ ቀን «ጋሼ፣ ላብራቶሪ ነው ወይስ የሰርግ ቤት?» ብላቸው ሳቅ ብለው «አልኮል ተባይ ይገድላል እንጂ እንግዳ አያስተናግድም» አሉኝ። ነገሩ አልገባኝም።

ከዓመታት በኋላ ስማዳ ሳለን የስኳር መለኪያዋ ማሽን መጣች። አንዲት ጠብታ ደም በቀጭን ወረቀት ጫፍ ላይ ማስነካት ነው፤ ወዲያው ቁጥር ይመጣል። ለእኔ ተአምር ነበር። ጋሼ ደምሴ ወረቀቷን በጣታቸው ጫፍ ይዘው አስተማሩኝ።

«ባዮሴንሰር ይሉታል። ግማሹ ሕይወት ነው፣ ግማሹ ሽቦ። እዚህ ጫፉ ላይ የደረቀ ኢንዛይም አለ። ደም ውስጥ ስንት ነገር አለ! ጨው፣ ስብ፣ ምኑ ቅጡ። ኢንዛይሙ ግን ከዚያ ሁሉ መሐል ስኳርን ብቻ ነው የሚያውቀው። ላም ከመንጋው መሐል የራሷን ጥጃ ለይታ እንደምታጠባው በይው። ስኳሩን ሲያገኝ ይለውጠዋል፤ ሲለወጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ ይቺ ቀጭን ሽቦ ተቀብላ ለማሽኑ ታደርሳለች። ስኳር በበዛ ቁጥር ኤሌክትሪኩም ይበዛል። ማሽኑ ያንን ነው በቁጥር የሚጽፈው።»

«ታዲያ አትሳሳትማ!» አልሁ።

«ላሚቱ ጥጃዋን ታውቃለች። ጥጃው በየት በኩል እንደመጣ ግን አትጠይቅም» አሉኝ።

ይህንንም ሰምቼ አለፍሁት። ስለ ማሽኗ ሌላውን ሁሉ ግን ከእሳቸው ቀዳሁ። የወረቀቶቹ ቆርቆሮ ክዳኑ ክፍት ከቀረ በክረምት እርጥበት ገብቶ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ብርዱ ሲጸና ማሽኗ አልሠራም ትላለች፤ ያኔ ጋሼ ደምሴ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ያሞቋት ነበር። ኋላ ንፋስ መውጫ ስመጣ እኔም እንደዚያው አደረግሁ፤ የዚህ አገር ጠዋት ሰውን እንኳ አልሠራም ያሰኛል።

ቀጥሎ እስቴ ተመደብሁ። እዚያ ሳለሁ በአንድ ቀበሌ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ሰዎች ያስመልሳቸው፣ ዓይናቸው ያለቅስ፣ ምራቃቸው ይዝረበረብ ጀመር። ሰዉ «ዛር ነው»፣ «ቡዳ ነው» ይባባላል። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ሌላ ዓይነት ባዮሴንሰር ይዘው ስለነበር ውኃውን አብሬያቸው ለካሁ። የእነርሱ መሣሪያ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ኢንዛይሙ ደኅና ሲሆን ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ የተባይ መድኃኒት ካገኘው ግን ይታነቃል፣ ኤሌክትሪኩም ይቀንሳል። የጉድጓድ ውኃ ስናደርግ የመሣሪያው መስመር ቀጥ ብሎ ሄደ። የምንጩን ስናደርግ ቁልቁል ወረደ። መርዙ ውስጡ እንዳለ የነገረን መሣሪያው ዝም በማለቱ ነው። ያን ጊዜ የፈራሁትን ፍርሃት አልረሳውም፤ ከዚያው ምንጭ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ ነበርና እስኪመሽ ሆዴን እያዳመጥሁ ዋልሁ።

ሰዎቹ ለካ ከምንጩ ራስ ላይ የተባይ መድኃኒት መርጫቸውን ያጥባሉ። ሽማግሌዎቹ ምንጩን አጥረው ማጠቢያውን ወደ ታች ወሰዱት፤ ሕመሙም ቆመ። ተመራማሪዎቹ እንዲህ ያለው መሣሪያ በሌላ አገር የወተትን ንጽሕና፣ የሻገተ እህልን መርዝ፣ የወንዝን ብክለት ሁሉ እንደሚለካ አጫወቱኝ። እኛም ዘንድ ወባንና እርግዝናን የሚለዩት ባለ መስመር ካርዶች የዚሁ ዘመዶች ናቸው። ከእስቴ ስወጣ ማሽን አምላኪ ሆኜ ነበር። ዓይን ያላየውን፣ ምላስ ያልቀመሰውን ያውቃል፤ ከእንግዲህ ምን ያስፈራል? በሥራ ዘመኔ ያልፈራሁት ከእስቴ በኋላ ያለውን ጊዜ ብቻ ነው፤ የጎዳኝም እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ጋይንት ተዛወርሁ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም። ጋሼ ደምሴም እዚያው ስለነበሩ እንደገና አብረን ሆንን፤ ጸጉራቸው ከመሸበቱ በቀር ማስታጠቢያቸውም ጥያቄያቸውም አልተለወጠም።

በሁዳዴ ጾም ነው፣ የገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ገደማ። ጋሼ ደምሴ የወሩን ሪፖርት ሊያስገቡ ወረዳ ሄደዋል። በረንዳው በወረፋ ተሞልቷል። አራት ሰዎች በቃሬዛ አንድ ጥምጣም ያደረጉ ሰው ይዘው እየጮሁ ገቡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ላቀች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ይከተላሉ።

«የኔታ ናቸው!» አለኝ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ጺማም ዲያቆን። «መሪጌታ ጥበቡ። ቤተ ልሔም ድጓ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠው ያስመሰከሩ ናቸው። ከወሎ፣ ከጎጃም ሰው እየመጣ የሚማርባቸው ናቸው። ስኳር አለባቸው፣ መርፌ ይወጋሉ። ዜማ እያስተማሩ ሳሉ ድንገት አፋቸው ተሳሰረ።»

«የቀመሱት ነገር አለ?»

ዲያቆኑ ተቆጣ። «ምን ማለትዎ ነው? የኔታ በሁዳዴ? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ጠብታ ውኃ አይነኩም!»

ወይዘሮ ላቀችን አየኋቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ። ሐዘን መሰለኝ።

የመሪጌታን ቀኝ እጅ ያዝሁ። ቀዝቃዛ ነው፣ በላብ ርሷል። ማስታጠቢያው ከጎኔ አለ፤ ውኃው ለብ ብሎ እንፋሎት ያወጣል። ወረፋው ይጮኻል። አልኮል በነካው ጥጥ ሌባ ጣታቸውን አንድ ጊዜ ጠረግሁና ወጋሁ። የመጀመሪያዋን ጠብታ ወሰድሁ።

ማሽኗ ጢጥ አለች። አራት መቶ ሠላሳ አንድ።

ውጤቱን ጽፌ ወደ ጤና መኮንኑ ሮጥሁ። ወጣት ነበር፣ በሥራ ብዛት የተዋከበ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«ማሽን አይዋሽም» አልሁት።

ኢንሱሊን ወጋቸው። ስኳር የሚያወርደውን መድኃኒት ማለት ነው። እኔም ወደ ወረፋዬ ተመለስሁ።

ብዙም አልቆየም፣ ከመኝታ ክፍሉ ጩኸት ሰማሁ። መሪጌታ ይንዘፈዘፋሉ፤ ጥርሳቸው ገጥሟል፤ ላባቸው አንሶላውን አርሶታል። ጤና መኮንኑ «ስኳሩ ገና አልወረደም፣ እንድገመው ይሆን?» እያለ ቆሟል። በዚያው ቅጽበት ጋሼ ደምሴ የመንገድ አቧራቸውን እንደለበሱ ገቡ። ግንባራቸውን ነኩ።

«ይህን ሰው ምን በዛበት ብላችሁ ነው የወጋችሁት?»

«ስኳር፣ ጋሼ። አራት መቶ...»

«ስኳር የበዛበት ሰው ይደርቃል እንጂ እንዲህ ያልበዋል?» የመሪጌታን ሌባ ጣት አንስተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ከዚያ ዞረው አዩኝ። ያ አስተያየት እስካሁን ከፊቴ አልጠፋም። «ጥሩወርቅ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ማር ማር ይላል።»

ማስታጠቢያውን አመጣሁ። ውኃው መሬት ላይ ፈሰሰብኝ፤ ከእጄ ወስደው ራሳቸው አጠቡ፣ አደረቁ፣ ሌላ ጣት ወጉ፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠረጉ። ማሽኗ ጢጥ አለች። ሃያ አራት።

ሲገቡም ስኳራቸው ወርዶ ነበር ማለት ነው። ሊሞቱ ለደረሱ ሰው እኔ የሚገድላቸውን አስወጋሁ። በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሲገባ ወይዘሮ ላቀች እኔንና ጋሼ ደምሴን ወደ ጥግ ጠሩን።

«ጠዋት ዓይናቸው ሲጨልምባቸው ከማሩ በጣታቸው ላስ አደረጉ። አንዴ ብቻ! ተማሪዎቹ እንዳያዩ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉት። "መምህራችን ጾም ገደፈ ይሉኛል፣ አደራ ላቄ" ብለውኛል። አደራ በልቼ በተማሪዎቻቸው ፊት እንዴት ልናገር?»

አንዲት ጣት ማር ሆዳቸው ገብታ አላዳነቻቸውም። ጣታቸው ላይ የቀረችው ግን ከላባቸው ጋር ተቀላቅላ ከደማቸው ቀድማ ወረቀቷን ነካች። ላሚቱ ጥጃዋን አየች፤ በየት በኩል እንደመጣ አልጠየቀችም። መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር።

መሪጌታ አልሞቱም። በሦስተኛው ቀን ነቅተው ሚስታቸውን ለይተው አወቁ። ከወር በኋላ ግን ያ ጺማም ዲያቆን ለሌላ ጉዳይ መጥቶ በረንዳ ላይ ሲያወራ ሰማሁት። የኔታ ዋዜማውን ያነሳሉ፣ መሐል ላይ ይቆማሉ። መጽሐፉን ቢገልጡላቸው ከቃሉ በላይ ያለውን የዜማ ምልክት ያዩታል፣ ዜማው ግን አይመጣላቸውም። ተማሪዎቹም አንድ በአንድ እየተሰናበቱ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። ዲያቆኑ ሲናገር ያለቅስ ነበር። ስኳር ያጣ አንጎል እንደሚጎዳ የማውቀው እኔ፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

መሪጌታ በቃሬዛ በመጡበት ቀን ማታ፣ ሳንወጣ፣ መዝገቡ ላይ ያለውን አራት መቶ ሠላሳ አንድ ልሰርዘው እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ጋሼ ደምሴ እጄን ያዙኝ። «አትሰርዢው። ትክክለኛውን ከሥሩ ጻፊ። የሳትሽው ቁጥርም ያንቺው ነው።» ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ስም ሥር፣ አንዱን ከአንዱ በታች ጻፍሁ። ማንም መጥቶ አልጠየቀም። ጤና መኮንኑም ብዙ ሳይቆይ ተዛወረ። ጋሼ ደምሴ ግን «ሰውዬው ሲያገግሙ አንቺው ሄደሽ ንገሪያቸው» አሉኝ። «ነገ» አልኋቸው።

ነገ ነገ እያልሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጋሼ ደምሴ ከመሞታቸው በፊት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። አልጋቸው ላይ ሆነው መጀመሪያ ያሉኝ «ነገርሻቸው?» ነው።

«አዎ፣ ጋሼ» አልሁ። ዋሸሁ። እሳቸውም እፎይ ብለው ዓይናቸውን ከደኑ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሳላጥብ ወግቼ አላውቅም። ንፋስ መውጫ ስመጣ ማስታጠቢያውን ይዤ መጣሁ። ቁጥሩ ካላማረኝ ሌላ ጣት እወጋለሁ፣ ደግሞ ሌላ። መንገድ ተዘጋግቶ ወረቀት ባጠረን ጊዜ እንኳ ሁለት ወጋሽ ተብዬ ተወቅሻለሁ። ጠንቃቃ ናት አሉኝ፤ በየዓመቱም ጥሩ ነጥብ ሞሉልኝ። ስም አወጡለት እንጂ ነገሩ ፍርሃት ነበር።

እንግዲህ ሕይወት የመሪጌታን ስም የጠራችው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ያን ወር በየጠዋቱ «ከገጠር የተሰማ ነገር አለ?» እያልሁ እጠይቃታለሁ፤ የለም ስትለኝ አንድ ቀን ያተረፍሁ ይመስለኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የሞታቸው መርዶ በሕይወት አፍ ሲመጣ በሕልሜ ሁሉ እሰማዋለሁ። ሐምሌ አለቀ። ሸኙኝ፣ ጋቢዬን ለበስሁ፣ የጡረታ ፎርሜን ሞላሁ። ከዚያ ፍልሰታ ገባች። ሁለት ሳምንት ጾም። መሪጌታ ለንስሐ ብለው ከሰው ሁሉ አርዝመው እንደሚጾሙ ሕይወት ነግራኛለች። ከዚህ በላይ ነገ ማለት መግደል ነው አልሁ።

ሕይወት ያዋሰችኝን ማሽን፣ ማስታጠቢያዬን፣ ሳሙናና በቴርሞስ የሞቀ ውኃ ያዝሁ። እስከ መንገዱ መጨረሻ በባጃጅ፣ ከዚያ በጭቃው በእግሬ። ሕይወት «አብሬዎት ልሂድ» ብትለኝ እንቢ አልሁ። ሁለት ጊዜ ልመለስ ዞሬ ነበር፤ አንዱን ጊዜ ወንዙን ሰበብ አድርጌ። ውኃው ግን ከጉልበት አይበልጥም ነበር።

ወይዘሮ ላቀች ከደጃፍ ተቀበሉኝ። አርጅተዋል። አላወቁኝም፤ የጤና ሰው ነኝ ስላቸው አስገቡኝ። መሪጌታ መደብ ላይ፣ ድጓቸው ከጎናቸው በማኅደሩ እንዳለ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ።

«የኔታ፣ ስኳርዎን ልለካዎት መጥቼ ነው።»

«ለኪ ልጄ። ብቻ ማር አትበይኝ።»

ከፊታቸው ተንበርክኬ ውኃውን ቀዳሁ። ቀኝ እጃቸውን ይዤ በሳሙና አሸሁ።

«ይህች እጅ ዛሬ ምን ነካች?»

«መቋሚያ። ሌላ ምን ቀራት?»

አደረቅሁ፣ ወጋሁ፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠረግሁ። ጢጥ። አርባ ስምንት። ይህ ቁጥር እውነት ነበር፤ ጊዜ እንደሌለኝም ነገረኝ።

«የኔታ፣ ወርዷል። አሁኑኑ ጣፋጭ ካልወሰዱ ይወድቃሉ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ይስሙኝ!» ጮህሁ። ወይዘሮ ላቀች ደነገጡ። «ያን ጊዜ በቃሬዛ ሲመጡ ጣትዎን የወጋሁ እኔ ነኝ። ጣትዎ ላይ ማር ነበር። ውኃው ከጎኔ እያለ ሳላጥብ ወጋሁ። ማሽኑ የጣትዎን ማር የደምዎ ስኳር አድርጎ ቆጠረው። ስኳርዎ ወርዶ ሳለ በዝቷል ብዬ የሚያወርድ መድኃኒት አስወጋሁዎት። ድጓዎ የጠፋው ያን ጊዜ ነው። ማሩ አልበደለዎትም፤ ማሩ ሊያድንዎት ነበር። አንድ ጣት ጨምረው ቢልሱ ኖሮ እኔ ዘንድ ባልመጡም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መሪጌታ መቋሚያቸውን አጥብቀው ያዙ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከሕመሙ ይሁን ከነገሩ አላወቅሁም።

«እግዚአብሔር አልቀጣኝም ነው የምትይው?»

«እሱን እኔ አላውቅም፣ የኔታ። እኔ የማውቀው ያልታጠበ ጣት መውጋቴን ነው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት» አሉ። «አሥራ ሁለት ዓመት "ምን በድዬህ ነው፣ በአንዲት ጣት ማር?" እያልሁ ስሟገተው ኖርሁ። አንቺ የት ነበርሽ?»

«ንፋስ መውጫ።»

«መንገዱ እኮ የግማሽ ቀን ነው።»

የምፈራው ስድባቸውን ነበር፤ ከስድብ ይህ ባሰብኝ። አንገቴን ደፍቼ አለቀስሁ። ወይዘሮ ላቀችም ከምሰሶው ሥር «ወይ አደራ! ወይ አደራ!» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ።

ከዚያ የመቋሚያው ጫፍ መሬቱን ሲመታ ሰማሁ። እጃቸው መያዝ አቅቶት ጥለውት ነው። ቀና አልሁ። ላቡ በጉንጫቸው ይወርዳል፤ ዓይናቸው ግን እኔን አያይም፣ ወደ ጓዳው ነው የሚያየው።

«ላቄ» አሉ፣ ቃሉ እየተሳሰረባቸው። «ማሩን አምጪው።»

ወይዘሮ ላቀች እየተደናበሩ አቀረቡ። መሪጌታ አማትበው ሌባ ጣታቸውን ነከሩ፣ ላሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደግሞ ነከሩ። ሦስተኛውን እኔ ሳልናገር ላሱት። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ላባቸው ቀስ በቀስ ደረቀ፣ እጃቸው ረጋ። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም፤ አልጠየቅሁም፣ አልነገሩኝም።

ወረቀቷን ማሽኗ ላይ ስሰካ ግን ያችን ማር የነካች ጣት ወደ እኔ ዘረጉ።

«መጀመሪያ እጠቢኝ» አሉ።

ማስታጠቢያውን አነሳሁ።